ከወርቁ ኋላ፦ የቅዱሳን ዐፅም ያለበትን ቤተ ክርስቲያን እንዴት እንጎበኛለን?

እንደምን አመሻችሁ። ወደ ጉዳዩ ቶሎ እንግባ።

የቅዱስ ዐፅም ወዳለበት ጥንታዊ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ረጅም ሰልፍ ይጠብቀዋል፤ ተራው ደርሶ መስታወቱ ፊት የሚቆመው ግን ለጥቂት ሰከንድ ነው። በዚያች አፍታ ዓይኑ የሚያርፈው ወርቁ ላይ ነው። ወርቁ ደግሞ የአንጥረኛው ሥራ ነው፤ ስለ ቅዱሱ ብዙ አይናገርም። የሚናገሩት ሌሎች ናቸው፦ ከውስጥ ያለችው ቁራጭ ወረቀት፣ ከኋላ የታሰረው ቀይ ክር፣ ክሩ ላይ የፈሰሰው ሰም፣ መዝገብ ቤት የተቀመጠው ምስክር ወረቀት። ዛሬ የምንነጋገረው እነዚህን ስለ ማንበብ ነው። ዋና ምሳሌያችን በሰሜን ጣሊያን ያለችው ፓዱዋ ናት፤ በእግር በሚደረስ ርቀት ላይ ሁለት በጣም የተለያዩ ዐፅሞች ስላሏት ለማነጻጸር ትመቻለች። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስለ መሠረቱ በአጭሩ እንለፍ። በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 13 የኤልሳዕን ዐፅም የነካው ሬሳ ተነሣ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 የጳውሎስን አካል የነካ ጨርቅ ድውያንን ፈወሰ። በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 6 ደግሞ የሰማዕታት ነፍሳት ከመሠዊያው በታች ታዩ። የሚላኖው ጳጳስ ቅዱስ አምብሮስ በ386 የሰማዕታቱን የጌርቫስዮስንና የፕሮታስዮስን ዐፅም አግኝቶ ባሠራው ባዚሊካ መሠዊያ ሥር ያኖረው ይህንኑ ቃል ይዞ ነው። እርሱም በ397 ሲያርፍ አጠገባቸው ተቀበረ። ዛሬ ሚላኖ ሄዳችሁ ከመሠዊያው በታች ወዳለው ምድር ቤት ብትወርዱ ሦስቱን ጎን ለጎን፣ ልብሰ ተክህኖ ለብሰው በመስታወት ውስጥ ተኝተው ታያላችሁ። ሁለተኛው የኒቅያ ጉባኤ በ787፣ የትሬንት ጉባኤ በ1563 ለዐፅመ ቅዱሳን የሚሰጠውን ክብር አጽንተዋል፤ ትሬንት ከዚያም አልፎ ጳጳሱ ያልመረመረውና ያልፈቀደው አዲስ ዐፅም እንዳይቀርብ ደንግጓል።

ከዚህ የሚመጣ አንድ ተግባራዊ ነገር አለ፤ ጎብኚዎች በብዛት የሚስቱትም እርሱን ነው። የአምልኮት ስግደት ለእግዚአብሔር ብቻ ነው፤ ለቅዱሳን የሚሰጠው የአክብሮት ነው። ስለዚህ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ስትገቡ መጀመሪያ ቀይ መብራት የሚበራበትን የቅዱስ ቁርባን ማኖሪያ ፈልጉ። ጉልበት የሚንበረከከው እዚያ ነው። ለዐፅሙ ራስን ዝቅ ማድረግ ይበቃል። በበዓል ቀን የምናየው ግን ተገላቢጦሹ ነው፤ ሕዝቡ የጌታን ሥጋ በጎን አልፎ ወደ አጥንቱ ይሮጣል። ይህን የሚያርመው አስተናጋጁ ሳይሆን ቀድሞ የተነገረው ጎብኚ ነው።

አሁን ወደምናየው ነገር እንምጣ። በልማድ ዐፅመ ቅዱሳን በሦስት ደረጃ ይከፈላል፦ አንደኛው የአካሉ ክፍል፣ ሁለተኛው ቅዱሱ የለበሰው ወይም የተጠቀመበት ዕቃ፣ ሦስተኛው አንደኛውን ወይም መቃብሩን የነካ ጨርቅና የመሳሰለው። በቫቲካን የቅድስና ጉዳዮችን የሚመለከተው ማኅበር በ2017 ያወጣው መመሪያ ግን ሌላ አከፋፈል ይጠቀማል። ሙሉ አካል፣ የአካል ጉልህ ክፍል፣ ወይም ሥጋው ተቃጥሎ ከሆነ አመዱ በሙሉ "ዐቢይ" ይባላል። ትንንሽ ቁራጮችና አካሉን በቀጥታ የነኩ ዕቃዎች በሌላው ወገን ናቸው። ልዩነቱ ለጎብኚው ምን ይጠቅመዋል? ዐቢዩ ያለ መንበረ ጴጥሮስ ፈቃድ ከቦታው አይነቃነቅም፤ ስለዚህ ያለበት ድረስ መሄድ ግድ ነው። ትንሹ ግን በብዙ አጥቢያ ሊኖር ይችላል፤ እርሱን ለማየት ሩቅ መሄድ ላያስፈልግ ይችላል።

ትንሹን ቀረብ ብለን እንየው። ባለሙያዎቹ "ቴካ" ይሉታል። ከብር ወይም ከናስ የተሠራ፣ ብዙውን ጊዜ ክብ ወይም ሞላላ፣ በመዳፍ የሚያዝ ጠፍጣፋ ሣጥን ነው። ፊቱ መስታወት ነው፤ ጀርባው እንደ ክዳን ይከፈታል። ውስጡ ሐር ተነጥፎበታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ነው። መሐሉ ላይ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ስባሪ ተጣብቃ ትታያለች፤ አንዳንዴም በዓይን ለመለየት የምታስቸግር ቅንጣት ናት። ከሥሯ ወይም ከዙሪያዋ ጠባብ ወረቀት አለ፤ በላቲን የቅዱሱ ስም ተጽፎበታል። ከስሙ ቀጥሎ የማዕረጉ የመጀመሪያ ፊደላት ይመጣሉ፦ ሰማዕት ከሆነ የ"ማርቲር"፣ ድንግል ከሆነች የ"ቪርጎ"፣ ጳጳስ ከሆነ የ"ኤፒስኮፑስ"፣ ሰማዕት ሳይሆን በእምነቱ ጸንቶ ያረፈ ከሆነ የ"ኮንፌሶር"። አንዳንዱ ላይ ዐፅሙ ከየት እንደተወሰደ ተጨምሮ ይጻፋል። "ኤክስ ኦሲቡስ" ካለ ከአጥንት፣ "ኤክስ ካርኔ" ካለ ከሥጋ፣ "ኤክስ ካፒሊስ" ካለ ከፀጉር፣ "ኤክስ ኢንዱሜንቲስ" ካለ ከልብስ ነው። ይህችን መስመር ሳያነብ "አጥንቱን አየሁ" ብሎ የሚመለስ አለ፤ ያየው የቀሚሱ ክር ሊሆን ይችላል።

ቁም ነገሩ ያለው ግን ጀርባው ላይ ነው። ክዳኑ ከተዘጋ በኋላ ቀጭን ቀይ ክር በመስቀል ቅርጽ ተወጥሮ ይታሰራል፤ ክሩ በተሻገረበት ላይ ቀይ ሰም ይፈስሳል፤ ሰሙ ሳይደርቅ የጳጳሱ ወይም የሥልጣኑ ባለቤት ማኅተም ይመታበታል። ከሣጥኑ ጋር አንድ ወረቀት ይሰጣል፦ የቅዱሱ ስም፣ የዐፅሙ ዓይነት፣ የሣጥኑ ቅርጽና መልክ፣ የክሩ ቀለም፣ የማኅተሙ ቁጥር፣ ቀን፣ ፊርማ። ወረቀቱ ላይ ያለው ማኅተምና ሰሙ ላይ ያለው አንድ መሆን አለባቸው። ክሩ ከተበጠሰ ወይም ሰሙ ከተሰበረ ዐፅሙ ሐሰተኛ ሆነ ማለት አይደለም፤ ግን ምስክርነቱ ተቋርጧል። ጳጳሱ አስመርምሮ እንደገና እስኪያትመው ድረስ ለሕዝብ ክብር አይቀርብም። ሰም ከጊዜ ብዛት ስለሚደርቅና ስለሚሰነጠቅ ይህ ያለ ማንም ጥፋት የሚደርስ ነገር ነው፤ የቆዩ ሣጥኖች ዕቃ ቤት ተቀምጠው የሚቀሩበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

በዕይታ ቦታ ላይ ጀርባውን ላታዩ ትችላላችሁ፤ ቴካው እግር ባለው በወርቅ የተለበጠ ማኅደር መሐል ስለሚገባ ይሸፈናል። ጀርባውን ማየት ከፈለጋችሁ በቅዳሴ ወይም በጸሎት ሰዓት ሳይሆን በሌላ ጊዜ የዕቃ ቤቱን ኃላፊ በትሕትና ጠይቁ። "ምስክር ወረቀቱ አለ?" የሚለው ጥያቄ ማንንም አያስቀይምም፤ ቤተ ክርስቲያኗ ራሷ የምትጠይቀው ጥያቄ ነው።

ከትንሹ ወደ ትልቁ እንሂድ። ሙሉ አካል ተኝቶ ሲታይ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ "ይህ ፊቱ ነው?" መልሱ ብዙ ጊዜ "አይደለም" ነው፤ ይህንንም ቤተ ክርስቲያኒቱ አትደብቀውም። በፈረንሳይ ኔቨር ከተማ የቅድስት ቤርናዴት አካል አለ። በ1879 አረፈች፤ መቃብሯ በ1909፣ በ1919 እና በ1925 ተከፈተ። በመጀመሪያው ጊዜ አካሉ ሳይፈርስ ስለተገኘ ታጠበ። በጎ ታስቦ ነው፤ ነገር ግን ሁለተኛው ምርመራ ሲደረግ ሻጋታና የጨው ንጣፍ ታይቶበታል፤ ቆዳውም ጠቁሯል። ስለዚህ ከ1925 ጀምሮ የምናየው ፊትና እጅ በቀጭኑ የተሠራ የሰም ሽፋን ነው፤ አካሉ ከሥሩ አለ። በጣሊያን አሲዚ ከተማ በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለው የካርሎ አኩቲስ አካልም እንዲሁ ነው። በ2006 ያረፈው ይህ ወጣት በ2025 ቅዱስ ተብሎ ታውጇል። መቃብሩ ሲከፈት አካሉ እንደማንኛውም ሟች ተለውጦ መገኘቱን የአገሩ ጳጳስ በግልጽ ተናግረዋል፤ የሚታየው ፊት በሲሊኮን የተሠራ ነው።

እንዴት ይለያል? ቆዳው ወጥ ቀለም ካለው፣ የጥፍሩ ሥር የተሳለ ከመሰለ፣ የእጅ አንጓው ላይ እጅጌው ሆን ተብሎ የተጠጋ ከሆነ ሰም ወይም ሲሊኮን ነው። እውነተኛ የደረቀ ቆዳ ቡናማ ነው፤ አጥንት ላይ ይጣበቃል፤ ከንፈሩ ይሸሻል፤ አፍንጫው ይሰምጣል። በሉካ ከተማ በሳን ፍሬድያኖ ቤተ ክርስቲያን ያለችው በ1272 ያረፈችው ቅድስት ዚታ እንዲህ ናት፤ ያልለመደ ሰው ይደነግጣል። ሕፃናት ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

አለመፍረስ ራሱ ብዙ መንስኤ አለው። ደረቅና አየር የሚያገኝ ጓዳ አካልን ያደርቃል፤ እርጥብና አየር የሌለው ቦታ ደግሞ የአካሉን ስብ ወደ ሰም መሰል ነገር ይለውጠዋል። አንዳንዱ በሰው እጅ የተደረገ ነው፦ በ1297 ያረፈችው የኮርቶናዋ ቅድስት ማርጋሬታ አካል በዘመናችን ሐኪሞች ሲመረመር በጥንት ጊዜ ተከፍቶ በመድኃኒት የተጠበቀ መሆኑ ታውቋል። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ያልፈረሰ ሥጋን ብቻውን የቅድስና ማስረጃ አድርጋ አትቆጥርም። "አልፈረሰም" የሚለውን ቃል ከአስጎብኚ ስትሰሙ "መቼ ተመረመረ? በማን?" ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

እንግዲህ ፓዱዋ። የፍራንቸስካውያን ማኅበር መነኩሴና ሰባኪ የነበረው ቅዱስ አንጦንዮስ በሰኔ፣ ማለትም በጁን 13 ቀን 1231 አረፈ፤ ዓመት ሳይሞላው በ1232 ቅዱስነቱ ታወጀ፤ ባዚሊካው በዚያው ዓመት ተጀመረ። በ1263 ዐፅሙ ወደ አዲሱ ሕንፃ ሲዛወር የፍራንቸስካውያኑ አለቃ ቅዱስ ቦናቬንቱራ በቦታው ነበር፤ ሣጥኑ ሲከፈት ሌላው ሥጋ አልቆ ምላሱ ብቻ ቀርቶ ተገኘ። ሰባኪ ስለነበር ምልክቱ ለማንም ግልጽ ሆነ። ከዚያ ጀምሮ ምላሱ ለብቻው ይቀመጣል። ይህን የምንነግራችሁ በባዚሊካው ውስጥ የምትጎበኙት ቦታ አንድ ሳይሆን ሁለት ስለሆነ ነው፤ ከቡድን ጋር የሚመጣ ሰው አንዱን ብቻ አይቶ የሚወጣበት ጊዜ ብዙ ነው።

የመጀመሪያው መቃብሩ ነው። በግራ ክንፍ ባለው ቤተ ጸሎት ውስጥ፣ ከመሠዊያው ጋር ይገኛል። ዙሪያውን ዘጠኝ የእብነ በረድ ቅርጾች የቅዱሱን ተአምራት ያሳያሉ፤ እነርሱን ለማየት ሰልፉን ማቋረጥ አያስፈልግም፣ በመጠበቂያው ጊዜ ተመልከቷቸው። ሰልፉ በመሠዊያው ጀርባ ይዞራል። እዚያ የመቃብሩ ድንጋይ ይገኛል፤ ሰው መዳፉን ያሳርፋል፣ ይጸልያል፣ ያልፋል። እዚህ መንካት የተፈቀደ ነው። ጸሎታችሁን አስቀድማችሁ አዘጋጁ፤ ድንጋዩ ጋ ደርሶ ስልክ ውስጥ የስም ዝርዝር የሚፈልግ ሰው ከኋላው ያለውን ሁሉ ያቆማል። የታመመ ሰው ፎቶ ወይም ልመና የተጻፈበት ወረቀት ይዛችሁ ከሆነ ለዚሁ የተዘጋጀ ቦታ አለ፤ ስንጥቅ ውስጥ አትሰኩ።

ሁለተኛው ከዋናው መሠዊያ ኋላ፣ በሕንፃው ጫፍ ያለው የዐፅም ቤተ ጸሎት ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በፊሊፖ ፓሮዲ የተሠራ ሲሆን በሐውልት የተሞላ ነው። ዓይናችሁን ከሐውልቶቹ አውርዳችሁ ሦስት ነገር ፈልጉ፦ ምላሱን፣ የታችኛውን መንጋጋ፣ እና የድምፅ አካላቱን። መንጋጋው የተቀመጠበት በራስ አምሳል የተሠራ ማኅደር ከ14ኛው መቶ ዓመት ነው፤ በ1350 ፌብሩዋሪ 15 ቀን የተደረገውን ፍልሰተ ዐፅም የመሩት ካርዲናል ጊ ደ ቡሎኝ ያበረከቱት ነው። የምላሱ ማኅደር ከዚያ መቶ ዓመት ገደማ ያንሳል። ሦስተኛው የዘመናችን ነው። በ1981 መቃብሩ በጳጳሳዊ ፈቃድ ተከፍቶ በሐኪሞች ሲመረመር ከአጥንቱ መካከል የጉሮሮ አጥንቱና ትንንሾቹ የድምፅ ሳጥን ልምአጥንቶች ተገኙ፤ በሌላ ሰው አካል ላይ ቶሎ የሚጠፉ ነገሮች ናቸው። ምላሱን ስታዩ ቀይ ሥጋ አትጠብቁ፤ ትንሽ፣ ጠቆር ያለና የተኮማተረ ነው። መብራቱ በመስታወቱ ላይ ስለሚያንጸባርቅ ፊት ለፊት ከመቆም ትንሽ ወደ ጎን ጠጋ ብትሉ ይሻላል።

ጥበቃው ለምን እንደበዛ የሚጠይቅ ካለ መልሱ አለን። በ1991 ኦክቶበር የታጠቁ ዘራፊዎች ሕዝብ ባለበት ገብተው የመንጋጋውን ማኅደር ወሰዱ። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ሮም አካባቢ ተገኘ። ከዚህ በኋላ የቦርሳ ፍተሻና የካሜራ ክልከላ ቢያጋጥማችሁ አትቀየሙ።

ጊዜ ስለ መምረጥ፦ ጁን 13 ክብረ በዓሉ ነው፤ ከተማዋ ትሞላለች። ከእርሱ በፊት ያሉት አሥራ ሦስት ቀናት የዝግጅት ጸሎት የሚደረግባቸው ናቸው። ፌብሩዋሪ 15 ፍልሰተ ዐፅሙ ይታሰባል፤ ሕዝቡ "የምላሱ በዓል" ይለዋል። ማክሰኞ ማክሰኞም ከሌላው ቀን ይበዛል፤ ቅዱሱ የተቀበረው ማክሰኞ ቀን ስለሆነ ነው። ጸጥታ ለሚፈልግ በሌላ የሥራ ቀን በማለዳ መሄድ ይሻላል። ሕዝብ አብሮ ሲዘምር ማየት ለሚፈልግ ደግሞ በዓሉን የሚተካ የለም፤ ግን መስታወቱ ፊት መቆምን አይመኝ። በከተማው ውስጥ መንገድ ስትጠይቁ "ካቴድራሉ የት ነው?" አትበሉ፤ ካቴድራሉ ሌላ ሕንፃ ነው፣ ወደዚያ ይመሯችኋል። ነዋሪው ባዚሊካውን "ኢል ሳንቶ" ይለዋል።

ልብስን በተመለከተ፦ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን፤ ወንዶች ኮፍያ ያውልቁ። ከዚህ በላይ የሚባል የለም።

ከባዚሊካው ወጥታችሁ ወደ ደቡብ ጥቂት ደቂቃ ብትሄዱ ፕራቶ ዴላ ቫሌ የተባለው ሰፊ አደባባይ ይገጥማችኋል፤ ዳር ላይ የሳንታ ጁስቲና ቤተ ክርስቲያን አለ። እዚያ በትውፊት የወንጌላዊው የሉቃስ የሚባለው ዐፅም ይገኛል። ብዙ ጎብኚ አንጦንዮስን አይቶ ይህን ሳያይ መሄዱ ያሳዝናል፤ በእኛ ግምት ስለ ዐፅም ማስረጃ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም።

በ1998 የእርሳስ ሣጥኑ ተከፈተ። ውስጡ የአንድ ሽማግሌ ዐፅም ነበር፤ የራስ ቅል ግን የለውም። ቅሉ ፕራግ እንዳለ ሲነገር ኖሯል፤ ንጉሥ ካርል አራተኛ በ1354 ወስዶታል። ከፕራግ አምጥተው ከአንገቱ የመጀመሪያ አጥንት ጋር ሲያገጣጥሙት ልክ ሆነ። የአጥንቱን ዕድሜ የሚለካው የካርበን ምርመራ ሰውየው ከ1ኛው እስከ 5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሞተ አመለከተ። በ2001 የታተመው የዲኤንኤ ጥናት ደግሞ ከግሪክ ሰው ይልቅ የሶርያ ሰው የመሆን ዕድሉ እንደሚያመዝን አሳየ፤ ትውፊት ሉቃስን የአንጾኪያ ሰው እንደሚለው ልብ በሉ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ይህ ሁሉ "ሉቃስ ነው" አያሰኝም። የሚያሰኘው "ሉቃስ አይደለም ለማለት ምክንያት አልተገኘም" ብቻ ነው። ሳይንስ ሐሰተኛውን ሊጥል ይችላል፤ ሦስት የተለያዩ ዘመናት አጥንት ተቀላቅሎ ቢገኝ፣ የሴት አጥንት በወንድ ስም ቢቀመጥ፣ ወይም የበግ አጥንት ቢሆን ወዲያው ይታወቃል። ስም ግን አጥንት ላይ አይጻፍም። ስሙን የሚያመጣው የሰዎች ሰንሰለት ነው፦ ማን ቀበረው፣ ማን አዛወረው፣ ማን አተመው። ሰንሰለቱ የተበጠሰበትን ቦታ ማወቅ የእምነት ጉድለት አይደለም።

ጳጳስ እንዲህ ያለ ምርመራ ሲያደርግ በዘፈቀደ አይደለም። በ2017ቱ መመሪያ መሠረት ፈቃድ ከሮም ይመጣል፤ የጳጳሱ ተወካይ፣ የሕግ ጠባቂና ጸሐፊ ይሾማሉ፤ ባለሙያ ሐኪም ይጠራል፤ ምስክሮች ይቆማሉ፤ ሁሉም ይምላሉ። አጥንቱ አንድ በአንድ ይዘረዘራል። መጨረሻ ላይ ቃለ ጉባኤው ተጽፎ ከዐፅሙ ጋር በሣጥኑ ውስጥ ይታተማል። ከአካሉ ላይ መቁረጥ በመርሕ ደረጃ አይፈቀድም። ጥንት እንዲህ አልነበረም፦ የሚስዮናዊው የቅዱስ ፍራንሲስኮስ ሃቪየር ቀኝ ክንድ በ1614 ሕንድ ካለችው ከጎዋ ተቆርጦ ወደ ሮም ሄዷል፤ እስከ ዛሬም በጄሱ ቤተ ክርስቲያን ይታያል። የቀረው አካሉ ጎዋ ውስጥ በቦም ጄሱስ ባዚሊካ ከፍ ብሎ ተቀምጧል፤ በአሥር ዓመት አንድ ጊዜ ገደማ ይወርዳል። የመጨረሻው ከኖቬምበር 2024 እስከ ጃንዋሪ 2025 ነበር። እርሱን ለማየት የሚያስብ ሰው በሌላ ጊዜ ሄዶ የብር ሣጥኑን ብቻ ከሩቅ አይቶ እንዳይመለስ ቀኑን ቀድሞ ያጣራ።

አሁን ስለሚበላሸው። ዐፅምን የሚጎዳው ሌባ ብቻ አይደለም፤ አክባሪውም ይጎዳል። ብርሃን ሐሩን ያነጣል፣ ቀለሙን ይበላል፤ ለሐርና ለወረቀት የሚመከረው 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ገደማ ስለሆነ ቤተ ጸሎቱ የጨለመ ቢመስላችሁ ሆን ተብሎ ነው። ፍላሽ የሚከለከለውም ለዚህ ብቻ አይደለም፤ የሚጸልየውን ሰው ይረብሻል። እርጥበት ከፍና ዝቅ ሲል አጥንት ይሰነጠቃል፤ ከፍ ብሎ ሲቆይ ሻጋታ ይበቅላል። ጠባብ ቤተ ጸሎት ውስጥ በአንዴ መቶ ሰው ሲተነፍስ የአየሩ እርጥበት ወዲያው ይጨምራል፤ ሰልፉን በቡድን በቡድን የሚያስገቡት ለዚህም ጭምር ነው። ሻማ ጥቀርሻ አለው፤ ጥቀርሻው ቅባት ስላለው ብሩ ላይ ተጣብቆ አቧራ ይይዛል፤ ሲወለወል ደግሞ የወርቅ ቅቡ አብሮ ይነሣል። ሻማችሁን በተዘጋጀለት ቦታ እንጂ ማኅደሩ ሥር አታብሩ። የንብ ሰም በ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል፤ ቅርጹን የሚያጣው ግን ከዚያ በጣም ባነሰ ሙቀት ስለሆነ የሰም ፊት ያለበት ሣጥን አጠገብ መብራት መደቀን አደገኛ ነው።

መሳምን በተመለከተ ብዙ ጥያቄ ይመጣል። ካህኑ ቴካ ይዞ ሕዝቡ ፊት ሲያልፍ መሳም የቆየ ልማድ ነው፤ ከእያንዳንዱ ሰው በኋላ በጨርቅ ይጠርገዋል። ችግሩ ጨርቁ ሲረጥብ ነው። የተፈቀደለት ረዳት መስታወቱ ላይ አልኮል ቢረጭ ፈሳሹ በጠርዙ ሾልኮ ይገባል፤ ወረቀቱ ላይ ያለው የጥንት ቀለም ይፈሳል፤ ስሙ ይጠፋል። ስም የጠፋበት ዐፅም ደግሞ ማን መሆኑ አይታወቅም። ጨርቁ ላይ እንጂ መስታወቱ ላይ ምንም አይፈስስም። ለሚስመው ሰው ደግሞ፦ የከንፈር ቀለም አጥፉ፤ ጉንፋን ከያዛችሁ በእጅ ነክታችሁ እጃችሁን ሳሙ፤ ወይም ዝቅ ብላችሁ እለፉ። ክብሩ አይቀንስም። መቁጠሪያ ወይም መስቀል ማስነካት የሚፈልግ ራሱ ከመዘርጋት ይልቅ ለካህኑ ይስጠው።

የመጨረሻው ነገር ንግድ ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕግ ቁጥር 1190 ቅዱስ ዐፅም መሸጥን ፈጽሞ ይከለክላል። በቤተ ክርስቲያኑ ሱቅ የሚሸጡት ትንንሽ ካርዶች ላይ የተለጠፈ ጨርቅ መቃብሩን የነካ ነው፤ የምትከፍሉት ለካርዱ ነው። አንድ ሰው "የአንደኛ ደረጃ" ብሎ ቴካ ቢያቀርብላችሁና "ዐፅሙ ነጻ ነው፣ ዋጋው የሣጥኑ ነው" ቢል አትግዙ። ሐሰተኛ ከሆነ ተታላችኋል፤ እውነተኛ ከሆነ ደግሞ ምናልባት ከተዘጋ ገዳም ወይም ከሟች ካህን ቤት የወጣ ነው፤ ገበያውን የሚያሞቀውም የገዢው ገንዘብ ነው። ምስክር ወረቀቱ ኮምፒውተር ላይ በቀላሉ ይሠራል። ስለዚህ ወረቀቱን ከማየት በፊት ጀርባውን አዙሩ፦ ሰሙ አዲስና የሚያብረቀርቅ ሆኖ ወረቀቱ ሁለት መቶ ዓመት ያስቆጠረ ከመሰለ፣ ወይም ክሩ ከሰሙ ሥር ሳይሆን ከላዩ ካለፈ፣ አንዱ ከሌላው በኋላ የተሠራ ነው።

ከአያት የወረሳችሁት ቤታችሁ ካለ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። አትክፈቱት፤ መስታወቱን አታጥቡ፤ ክሩን ለማጥበቅ አትሞክሩ። ከሁሉም አቅጣጫ ፎቶ አንሱት፣ በተለይ ጀርባውን። አብሮት የነበረ ማንኛውም ወረቀት፣ ፖስታ ወይም መጠቅለያ አይጣል፤ በጥቅልሉ ላይ በእርሳስ የተጻፈች አንዲት ስም እንኳ የሰንሰለቱ ክፍል ልትሆን ትችላለች። ከዚያ ወደ ሀገረ ስብከቱ ጽሕፈት ቤት ውሰዱት። እዚያ ማኅተሙን ከመዝገባቸው ጋር ያስተያያሉ፤ ሰሙ ከተሰነጠቀ እንደገና ይታተማል፤ ወረቀት ከሌለው ደግሞ ለሕዝብ ሳይቀርብ በክብር በጽሕፈት ቤቱ ይቀመጣል።